ያገለገለ ኮርሳ ብስክሌት፦ ሙሉውን መሸጥ ወይስ ፈታትቶ መሸጥ?

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «ነዋሪነቴ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ከሦስት ዓመት በፊት የላከልኝን ኮርሳ ብስክሌት፣ ጉልበቴን እያመመኝ ስለሆነ፣ ልሸጠው ወስኛለሁ። ፍሬሙ አሉሚኒየም ሆኖ ልኩ 54 ነው፤ ማርሹ የጃፓኑ ሺማኖ ኩባንያ 105 የተባለው ሞዴል፣ ከኋላ ባለ 11 ደረጃ ጥርስ ነው፤ ፔዳሉ የሚታሰርበት ክራንክ ግን ከ105 አንድ ደረጃ ከፍ የሚለው አልቴግራ ነው። ፍሬኑ ቸርኬውን ግራና ቀኝ የሚይዝ ዓይነት ነው። በተጨማሪ አንድ ጥንድ የካርቦን ቸርኬ፣ ትርፍ 11-32 (ትንሹ 11፣ ትልቁ 32 ጥርስ ያለው) የኋላ ጥርስ፣ ከጫማ ጋር የሚቆለፍ ፔዳልና 43 ቁጥር ጫማ አለኝ። አንድ ደላላ ሁሉንም ጠቅልዬ ልውሰድ ብሎ እስከ ቅዳሜ መልስ ይጠብቃል፤ ጓደኛዬ ደግሞ ፈታትተህ ብትሸጠው እጥፍ ታገኛለህ ይለኛል። የማንን ልስማ? ዋጋውንስ ወንድሜ በገዛበት ዶላር ላስላው?»

ከሁለቱም ግማሽ ግማሹን ይስሙ። ብስክሌቱን ሳይፈቱ ሙሉውን ይሽጡት፤ ትርፍ የኋላ ጥርሱን መርቀው ከእሱ ጋር ይስጡት፤ የካርቦን ቸርኬውንና ፔዳሉን ከነጫማው ግን ለይተው ለሌላ ገዢ ያቆዩ። ምክንያቱን ላስረዳ፤ ከዚያ በፊት ግን ብስክሌቱ ላይ ማየት ያለብዎት ጥቂት ነገር አለ፤ ያዩት ነገር መልሱን ሊገለብጠው ይችላልና።

የጓደኛዎ ምክር ኮርሳ ጋላቢ በሞላበት ከተማ እውነትነት አለው። አንድ ዕቃ ተፈትቶ የሚሸጠው ያንኑ ዓይነት ዕቃ የሚፈልግ ሌላ ሰው በአቅራቢያ ሲኖር ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በየመንገዱ የምናያቸው ብስክሌቶች አብዛኞቹ ወፍራም ጎማ ያላቸው፣ ከኋላ 6፣ 7 ወይም 8 ደረጃ ጥርስ የተሸከሙ ናቸው። የእርስዎ ባለ 11 የማርሽ እጀታ በአንድ ጠቅታ የሚስበው ሽቦ ርዝመት ከእነሱ ጋር ስለማይገጥም፣ ካቴናውም ከእነሱ ስለሚቀጥን፣ ዕቃው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ለእነዚያ ብስክሌቶች ባለቤቶች የሚሠራው ሥራ የለም። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት አንድ ኮርሳ በርካሽ ገዝቼ ፈታሁትና እጀታውንና ቸርኬውን ወደ አዲስ አበባ ልኬ በአንድ ወር ውስጥ ሸጥሁ፤ በራሴ ብልጠትም ተደሰትሁ። ፍሬሙ ግን ዛሬም ከሥራ ቦታዬ ግድግዳ ላይ በሚስማር ተሰቅሎ አለ፤ ደንበኞች ይህን ሰማያዊ ነገር ለጌጥ ነው ወይ የሰቀልኸው እያሉ ይጠይቁኛል። ፍሬም ብቻውን ሊሸጥ የሚችለው ቀሪውን ዕቃ ይዞ ለሚጠብቅ ሰው ነውና፣ ቆንጆ ቆንጆውን ሸጠው የማይሸጠውን ለራስዎ ያስቀሩና ትርፉን እዚያው ያጡታል።

አሁን ወደ ምርመራው እንሂድ። ብስክሌቱን ያጥቡት፤ ወደ ላቫጆ ግን አይውሰዱት። የመኪና ማጠቢያው የውሃ ግፊት የኩሽኔታዎቹን ግሪስ አጥቦ በምትኩ ውሃ ያስገባልና፣ በባልዲ ውሃ፣ በሳሙናና በጨርቅ ማጠብ በቂ ነው። ከደረቀ በኋላ ፍሬሙን ይመርምሩ፤ በተለይም መሪው ከሚገባበት ቱቦ ጀርባ ያለውን ብየዳ፣ ክራንኩ የሚያልፍበትን ቦታ ዙሪያ፣ የኋላ ቸርኬ የሚታሰርበትን ጫፍና የኮርቻው ዘንግ የሚገባበትን ስንጥቅ። የቀለም ጭረት ይሁን የብረት ስንጥቅ ያጠራጠርዎትን መስመር ለመለየት አሮጌ ግን አስተማማኝ ዘዴ አለ። በትንሽ ጨርቅ ነጭ ጋዝ ነክረው ቦታውን ያርሱት፣ አምስት ደቂቃ ያህል ይተዉት፣ ከዚያ ላዩን ፈጽሞ እስኪደርቅ በሌላ ጨርቅ ይወልውሉት። በመቀጠል የተፈጨ የጠመኔ ዱቄት በጣትዎ ቀስ አድርገው ይቀቡትና ይጠብቁ። መስመሩ የቀለም ጭረት ብቻ ከሆነ ዱቄቱ ነጭ እንደሆነ ይቀራል፤ ስንጥቅ ከሆነ ግን ውስጡ የገባው ጋዝ ተመልሶ ስለሚወጣ፣ በነጩ ዱቄት ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጠቆር ያለ መስመር እያደር ይሳላል። ይህን መስመር ያየሁባቸው ፍሬሞች ባለቤቶች ሁሉ «ጭረት ነው» ብለው ያመጡልኝ ነበሩ።

ስንጥቅ ከተገኘ የጓደኛዎ ምክር ትክክል ይሆናል፤ ፈተው ዕቃ ዕቃውን ይሽጡ፤ ፍሬሙን ለማንም ለመንዳት አይስጡ። የብረት ፍሬም ጥሩ በያጅ ሊጠግነው ይችላል። የአሉሚኒየም ፍሬም ግን በብየዳው ሙቀት ዙሪያ ጥንካሬውን ያጣል፤ ጥንካሬውን መልሶ የሚያገኘው እንደገና በልዩ ምድጃ ሲታከም ነውና፣ በየበያጁ ቤት «አስበይደነዋል፣ አሁን ደህና ነው» የሚባለውን አይመኑ። ይህ ብስክሌት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ የሰው ሕይወት ተሸክሞ እንደሚወርድ ማሰብ ነው።

ቀጥሎ የኮርቻው ዘንግ ነው። ይህን ማንም አይመለከትም፤ ሽያጭ ሲያፈርስ ግን በተደጋጋሚ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ያገለገለ ኮርሳ ገዝቼ ቤት ካደረስሁ በኋላ ኮርቻውን ዝቅ ላድርግ ብል ዘንጉ ከፍሬሙ ጋር ተጣብቆ ኖሯል፤ ሻጩ ለዓመታት ነቅሎት አያውቅም፣ ላብና ዝናብ ገብቶበት ሁለቱን ብረቶች አንድ አድርጓቸዋል። ሁለት ቀን ታግዬ በመጨረሻ ዘንጉን በመጋዝ አስወጣሁት፤ የፍሬሙም አፍ ተጎዳ። ስለዚህ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ማሰሪያውን ያላሉ፣ አሁን ያለበትን ቁመት በፕላስተር ምልክት ያድርጉ፣ ዘንጉን ነቅለው ያጽዱና፣ የእርስዎ ዘንግ አሉሚኒየም ከሆነ ቀጭን ግሪስ ቀብተው ይመልሱት። ዘንጉ ካርቦን ከሆነ ግን ግሪስ አይቀቡት፤ ለካርቦን የተሠራ ልዩ ቅባት አለው። ገዢው ከእርስዎ አጠር ወይም ረዘም ያለ ሊሆን ስለሚችል፣ ፊት ለፊቱ ኮርቻውን ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው ቢያሳዩት ከብዙ ቃል ይልቅ ያሳምነዋል።

ካቴናውን በዓይን ሳይሆን በሜትር ይለኩ። የተማሪ ማስመሪያ 30 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ አይደርስም፤ የአናጢ የብረት ሜትር ይያዙ፤ የሜትሩ ጫፍ ስለሚወዛወዝም ከ10 ሴንቲ ሜትር ምልክት ይጀምሩ። ካቴናውን ወጥረው ከአንዱ ፒን መሃል ይነሱና 24 ፒን ወደፊት ይቁጠሩ። በሁለት ፒኖች መካከል ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ አዲስ ካቴና እስከዚያ ድረስ 304.8 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። የመነሻው 10 ሴንቲ ሜትር ተቀንሶ ንባብዎ 306.3 ከደረሰ የባለ 11 ካቴና ዕድሜ አብቅቷል ማለት ነው፤ ወደ 308 ከተጠጋ ደግሞ የኋላ ጥርሱንም እየበላው ቆይቷል፤ አዲስ ካቴና በተበላ ጥርስ ላይ ቢያስሩም ዳገት ላይ ሲጫኑት እየዘለለ ያስቸግራል። እዚህ ላይ ነው ትርፍ ጥርስዎ ዋጋ የሚያገኘው። ለብቻው ቢሸጡት ገዢው ጥቂት፣ ገንዘቡም ትንሽ ነው፤ ከብስክሌቱ ጋር ሲያቀርቡት ግን የዚህ አገር ገዢ በልቡ የያዘውን ስጋት ይመልስለታል፤ ዋናው ስጋቱም «ሲያልቅ ከየት አገኛለሁ?» የሚለው ነውና። ወንድምዎ አንድ ባለ 11 ካቴና ቢልክልዎት ደግሞ ክብደቱ ሩብ ኪሎ ያህል ነው፤ ሽያጩን የሚያፈጥነው ግን ከብዙ ማጽዳትና ማሳመር በላይ ነው።

ጥርሱን ከመስጠትዎ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ። የኋላ ማርሽ ቀያሪው ጀርባ ላይ አር7000 የሚል ኮድ ካለ፣ ከእሱ ቀጥሎ «ኤስኤስ» ወይም «ጂኤስ» መጻፉን ይመልከቱ። ባለ አጭር ክንዱ ኤስኤስ የተሠራው ትልቁ የኋላ ማርሽ እስከ 30 ጥርስ ድረስ ሲሆን ነው፤ ባለ ረጅም ክንዱ ጂኤስ ግን እስከ 34 ይሸከማል። ጂኤስ ከሆነ 11-32 ጥርሱን ራስዎ ቢያስሩት ይሻላል። የፊት ትንሹ ጥርስዎ 34 ከሆነ፣ ከኋላ 32 ሲኖር አንድ የፔዳል ዙር የኋላ ቸርኬውን ከአንድ ዙር ጥቂት አልፎ ብቻ ያዞረዋል፤ የደሴን ዳገት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጉልበቱ ይነግረዋል፤ የእርስዎ ጉልበትም ምናልባት ቀድሞ ይህን ቢያገኝ ኖሮ ይህን ያህል ባላማረረ ነበር።

ስለ ክራንኩ ልዩ ማሳሰቢያ አለኝ። ቀሪው ዕቃ 105 ሆኖ ክራንኩ አልቴግራ መሆኑ ለገዢ እንደ ጉርሻ ይቀርባል፤ ነገር ግን ሺማኖ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው የፍተሻ ጥሪ፣ እ.ኤ.አ. ከጁን 2012 እስከ ጁን 2019 ድረስ የተሠሩ ባለ 11 የአልቴግራንና ከእሱ በላይ ደረጃ ያላቸውን የዱራ-ኤስ ክራንኮች አካቷል። ምክንያቱም ክንዱ ከሁለት ቁራጭ ተጣብቆ የተሠራ በመሆኑ በአንዳንዶቹ ላይ መጣበቂያው ሊለቅና ክንዱ ሊሰበር ስለሚችል ነው። የአልቴግራዎቹ ኮዶች ኤፍሲ-6800 እና ኤፍሲ-አር8000 ናቸው፤ 105 በጥሪው ውስጥ የለም። በክንዱ የውስጥ ገጽ የሞዴሉን ቁጥርና ባለ ሁለት ፊደል የምርት ኮድ ያገኛሉና በስልክዎ አንስተው ለወንድምዎ ይላኩለት፤ ኮዱ ከተዘረዘሩት ውስጥ መሆኑን ኩባንያው ባወጣው ዝርዝር ላይ ማየት ይችላል። እርስዎም በክንዱ ጠርዝ ላይ በጥፍርዎ ቢሄዱበት የሚሰማ ክፍተት መኖሩን፣ ሲጫኑትም ጩኸት ማሰማቱን ይመልከቱ። ክፍተት ካለ አይንዱት፣ ለሙከራም አይስጡት። ምንም ምልክት ባይኖር እንኳ ኮዱ በጥሪው ውስጥ ከሆነ ለገዢው በግልጽ ይንገሩት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ቢሆን ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል የደበቀ ሻጭ «አይቼ ወድጄ ገዝቻለሁ» የሚል ወረቀት ስላስፈረመ ብቻ ከኃላፊነት አያመልጥም ይላል።

ቸርኬውን ደግሞ ፍሬኑ በሚይዝበት ጎን ይዩት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች ነው፤ ይህን ሁሉ ከፍታ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ሳይለቅ ነው የሚወርደው፤ በበልግና በክረምት ደግሞ ጭቃውና አሸዋው በፍሬን ጎማውና በቸርኬው መካከል ገብቶ እንደ ሞረድ ይበላዋል። የብረት ማስመሪያ በጎኑ ላይ አጋድመው ሲያስቀምጡ በመሃል ብርሃን ካሳለፈ ቸርኬው ተቦርቡሯል፤ ብዙዎቹ ቸርኬዎች የማለቂያ ምልክት የምትሆን ትንሽ ጉድጓድ ወይም መስመር አላቸው፣ እሷ ከጠፋች ጊዜው አልፏል።

የካርቦን ቸርኬውን ከብስክሌቱ ለዩት ያልሁበት ምክንያትም ይኸው ቁልቁለት ነው። በጎኑ የሚያዝ የካርቦን ቸርኬ በረጅም ቁልቁለት ላይ ያለማቋረጥ ሲታሽ በጣም ይግላል፤ ሙቀቱ የካርቦኑን ክሮች የሚያያይዘውን ማጣበቂያ ሊያለሰልሰውና ቸርኬውን ሊያበላሸው ይችላል። የፍሬን ጎማውም ለካርቦን ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት፤ በአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ ያገለገለ የፍሬን ጎማ ውስጡ የተሰካ የብረት ፍርፋሪ ስላለው ይቧጭረዋል። ለደሴ ገዢ ይህን ዕቃ መስጠት ውድ ጫማ ለጭቃ እንደ መስጠት ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አደገኛ ነው። ዕቃውን የሚያውቁት ገዢዎች በአዲስ አበባና በመቐለ ይገኛሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ የወጣውም ከትግራይ ነው። ለጥ ባለ መንገድ የሚጋልብ የባሕር ዳር ወይም የሐዋሳ ሰውም ሊፈልገው ይችላል። ማስታወቂያው ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ የኋላው ሞዞ (የቸርኬው እምብርት) ስፋት 130 ሚሊ ሜትር መሆኑን፣ ባለ 11 የሺማኖ ጥርስ መቀበሉን፣ የካርቦን የፍሬን ጎማው አብሮ መኖር አለመኖሩን። እነዚህን የማያውቅ ገዢ አይደውልም፤ የሚያውቀው ግን ሳይጨቃጨቅ ይገዛል።

ፔዳሉን አውጥተው ርካሽ ተራ ፔዳል ይግጠሙ። የሚቆለፍ ፔዳል ያለው ብስክሌት በተራ ጫማ ለሙከራ የሚነዳ ሰው እግሩ ይንሸራተትበታል፤ ብስክሌቱ ራሱ መጥፎ ነው ብሎም ይሄዳል። ሲፈቱ የግራው ፔዳል ወደ ሌላው አቅጣጫ እንደሚፈታ ይወቁ፤ ወደ ቀኝ፣ ማለትም በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ነው የሚለቀው። ይህን ሳያውቁ በጉልበት አጥብቀው ክንዱን ያበላሹ ሰዎች በየጊዜው ወደ እኔ ይመጣሉ።

ወደ ዋጋው ልምጣ። ወንድምዎ የገዛበትን ዶላር በዛሬው ምንዛሪ ቢያበዙት አንድም ሰው የማይከፍለው ቁጥር ይወጣል፤ ያገለገለ ብስክሌት በተገዛበት አገርም ቢሆን ያን ዋጋ አያወጣም። ከዶላሩ ሸሽተው ያን ጊዜ በነበረው የብር ዋጋ ቢያስቡት ደግሞ ይጎዳሉ፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ መወሰን ከጀመረ ወዲህ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ተነሥቶ 100 ብር አልፏል፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉም ተከትሎታል። የእኔ አካሄድ ሌላ ነው። ገዢዎ ገንዘቡን ይዞ ሲወጣ ከእርስዎ ብስክሌት ሌላ ምን ሊገዛ ይችላል ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልሱም ብዙ ጊዜ ደሴ ፒያሳ ወይም ኮምቦልቻ ሱቅ የተሰቀለ አዲስ የተራራ ብስክሌት ነው። የዚያን ዋጋ ጠይቀው ይያዙ። ከዚያ አዲስ አበባ ውስጥ የእርስዎን የመሰለ ባለ 105 ኮርሳ በስንት እንደሚጠራ ሳይሆን በስንት እንደሚሸጥ ከሁለት ሦስት ሰው ይጠይቁ፤ ከእሱ ላይ ማሸጊያና ማጓጓዣውን ይቀንሱ። ዋጋዎ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ወደ ላይኛው የሚቀርበው ጠመኔውንም ሜትሩንም አልፎ የወጣ ብስክሌት ነው፤ ልኩ 54 መሆኑም ይረዳዎታል፤ ቁመቱ ከ1.70 እስከ 1.78 ሜትር ገደማ ለሆነ ሰው ስለሚስማማ ገዢው ሰፊ ነው።

ፎቶውን በካቴናው በኩል፣ በቀን ብርሃን፣ ግልጽ ግድግዳ አስደግፈው ያንሱ፤ ጭረት ካለም ለብቻው አቅርበው ያሳዩት። ከክራንኩ ሥር የተመታውን ተከታታይ ቁጥር ሙሉውን በማስታወቂያ አያውጡ፤ ለገዢው ግን ሲመጣ ያሳዩትና በሁለት ቅጂ በሚጻፈው የሽያጭ ወረቀት ላይ ያስፍሩት፤ ምስክር ሁለት ይበቃል። ኮርሳ የሚገዛ ሰው ሁሉ «የተሰረቀ ቢሆንስ?» ብሎ ይፈራል፤ ወንድምዎ ደረሰኙን ካልጣለው ቅጂውን ያስልኩት። ክፍያውን በተመለከተ ገዢው በስልኩ የሚያሳይዎትን የገንዘብ ተላልፏል መልእክት አይቀበሉ፤ የራስዎን ሒሳብ ከፍተው ሳያዩ ብስክሌቱ ከበር አይውጣ። ለሙከራ ሲሰጡም መታወቂያ ሳይሆን ሙሉ ገንዘቡን በእጅዎ ይዘው ቢሰጡ ይሻላል፤ ቁልቁለት ላይ ኮርሳን በእግሩ ሮጦ የሚደርስበት ሰው የለም።

ዕቃ ወደ አዲስ አበባ የሚልኩ ከሆነ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ራቁቱን አይጫን። ቸርኬዎቹን ለየብቻ በካርቶን ይሸፍኑ፤ ብስክሌቱ ሙሉው የሚሄድ ከሆነ ግን የኋላ ማርሽ ቀያሪውን ፈትተው ከፍሬሙ ውስጠኛ በኩል በጨርቅ ጠቅልለው ይሰሩት፣ የፊት ሹካው ጫፎች መካከልም 100 ሚሊ ሜትር የሚሆን እንጨት ይወጥሩበት። ማርሽ ቀያሪው የሚታሰርበት ትንሽ ቁራጭ ብረት በትንሽ ምት ይታጠፋል፤ ቅርጹም ለእያንዳንዱ ፍሬም ልዩ ስለሆነ እዚህ አገር ተመሳሳዩን ማግኘት ከባድ ነው። ወንድምዎ ካቴናውን ሲልክ ይህንንም አንድ እንዲጨምር ቢነግሩት መልካም ነው።

ለደላላው ቅዳሜ የሚሉት ይህን ነው፦ ካርቦን ቸርኬው፣ ፔዳሉና ጫማው ከድርድሩ ወጥተዋል፤ ብስክሌቱ ከትርፍ ጥርሱ ጋር በዚህ ዋጋ ነው፤ የእሱ ድርሻም አስቀድሞ በቁርጥ ይነገር። ሁሉንም ካልወሰድሁ ካለ ይሂድ። አሁን ክረምት እየገባ ከሆነ መስከረም እስኪጠባ ብስክሌቱን በደረቅ ቤት፣ ጎማው ተነፍቶ፣ ካቴናው በቀጭን ዘይት ተቀብቶ ቢያቆዩት ምንም አይጎዳም፤ እስከዚያም የወንድምዎ ካቴና ይደርሳል።